ዜሮ የተባለው ሰኞ

አባቴን ውሻ የነከሰው ሰኞ ማለዳ ነው። ቀኑን ለይቼ የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ከቀን ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። ዛሬም አንድ ሰው "በሦስተኛው ቀን ተመለሺ" ካለኝ፣ ልብስ ሰፊም ይሁን ጫማ ጠጋኝ፣ "ዛሬን ቆጥረህ ነው ሳትቆጥር?" ብዬ አፋጥጠዋለሁ። ነገረኛ ናት ይሉኛል። ይበሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሥራዬ ልጀምር። መካኒሳ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ መነኮሳት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጻሕፍት መዝጋቢ ነኝ። ከመደርደሪያዎቹ ግማሹ በላቲን መጻሕፍት የተሞላ ነው። እኔ ደግሞ ላቲን የሚባል ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ርዕሱን እንደ ሥዕል እያየሁ ፊደል በፊደል እገለብጣለሁ፣ አንዷን ፊደል ከዘለልኩ አለቀልኝ። እዚያው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አባ ይህን አይተው አዘኑልኝና ከምሳ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሊያስተምሩኝ ጀመሩ። አባ ጥርስ የላቸውም፤ ትዕግሥት ግን ነበራቸው።

ነበራቸው ያልኩት ቁጥር ላይ ስንደርስ ስላስጨረስኳቸው ነው። ለሦስት ብቻ አራት ቃል ጻፉልኝ፦ ትሬስ፣ ቴርሲዩስ፣ ቴርኒ፣ ቴር። "ኧረ አባ! ሦስት ለመባል ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?" አልኩ። እርሳቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ "በግ ገዛሁ ብልሽ ምን ትጠይቂኛለሽ?" አሉኝ።

"ስንት?"

"ሦስት። ትሬስ እሱ ነው። የእህትሽ ልጅ ፈተና ወሰደች ብትባዪስ?"

"ስንተኛ ወጣች?"

"ሦስተኛ፤ ቴርሲዩስ። ለእንግዶቹ ብርቱካን ታደለ ብልሽ?"

"ስንት ስንት ደረሳቸው?"

"ሦስት ሦስት። ቴርኒ። በር አንኳኳሁ ብልሽ?"

"ስንቴ?" አልኩና ራሴ ሳቅኩ። ሦስቴ፣ ቴር። ስንት፣ ስንተኛ፣ ስንት ስንት፣ ስንቴ፤ ስፈራው የከረምኩት ነገር ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ታክሲ ተራ ቆሜ እንኳ ሰውን የምቆጥረው በአራት ዓይነት ሆነ።

አርብ ዕለት አባ ስለ ቀን አቆጣጠር ነገሩኝ። የጥንት ሮማውያን ዜሮ የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ቀን ሲቆጥሩ መነሻውንም መድረሻውንም ይቆጥራሉ። ዛሬ አንድ ነው፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። "ይሄማ የኛ ነው አባ! ሰኞ ላይ ቆመን የዛሬ ስምንት ስንል የሚቀጥለውን ሰኞ አይደል የምንለው? ሰልስት የምንወጣውስ የሞተበትን ቀን ቆጥረን አይደል?" አባ በጣም ደስ አላቸው። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ሮምን ያገኘኋት እኔ ነበር የመሰለኝ። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ዋልኩ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ አባቴ ደወለ።

አባቴ ሀና ማርያም ገና የጤፍና የሽንብራ ማሳ ሳለች እዚያው ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። አሁን ከመሬቱ የቀረው ግቢው፣ ከከብቱ የቀሩት ሦስት ላሞች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ወተት በየቤቱ ያደርሳል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። እኔ መካኒሳ አቦ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፤ "ና አብረን እንኑር" ስለው "ላሞቹን ፎቅ ላይ ልታወጫቸው ነው?" ይለኛል።

"ወተቱን አደረስኩ" አለኝ ስልኩን እንዳነሳሁ።

"እሺ አባዬ፣ ደግ አደረግክ። ምነው ደወልክ?"

"ምንም። ውሻ ነከሰኝ።"

ክው አልኩ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት የተነከሰ ሰው ወተቱን ለሁሉም ካዳረሰ በኋላ አራት ሰዓት ላይ ይደውላል! ደሜ ፈላ። "ስንቴ ነከሰህ?" ብዬ ጮህኩበት። በዚያ ሰዓት እንኳ ከአፌ የወጣው የአባ ጥያቄ ነበር።

"አንዴ። ጥርሱ ግን አራት ነው።"

ውሻው የማንም አልነበረም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ድንገት መጥቶ ባቱን ነክሶት ወደ ወንዙ ወረደ፣ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ባለቤት ያለው ውሻ ቢሆን ታስሮ ይታይ ነበር፤ ደህና ነው ወይ ሞተ ይባል ነበር። ይሄኛው ግን በሽታውን ይዞ ይሁን አይሁን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከጀመረ እንደማይመለስ ደግሞ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ፤ ስለማውቅም ሥራዬን ጥዬ ወደ ሀና ማርያም ሮጥኩ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ረጅም ሰዓት አጠበችው፣ የመጀመሪያውን መርፌ ወጋችው፣ ከዚያ ካርድ ሰጠችኝ። "አራት ጊዜ ይወጋሉ። አንዱ ዛሬ ሆነ፤ ከዚያ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛው ቀን። አንዱም እንዳይቀር እሺ?" አለችኝ። ካርዱን አየሁት። አራት ሳጥን አለው፤ በየሳጥኑ አናት ላይ የሮማ ቁጥር ታትሟል፤ አንድ ቋሚ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ ሦስት ጭረት፣ አራተኛው ደግሞ ጭረትና ሹካ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ጭንቀት መሐል ደስ አለኝ። እነዚህ ስንተኛ መርፌ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው፣ አራቱ ሲደመሩ ስንት፣ ሲወጋ ደግሞ ስንቴ፤ እያልኩ ለራሴ አስረዳሁ። ከሥር በደቃቁ የታተሙትን ተራ ቁጥሮች ግን ልብ አላልኳቸውም። ዓይኔ የአባ ትምህርት ላይ ቀረ።

"ቀኑን እኔ እጽፋለሁ" አልኩ፣ ሲስተሯ ሌላ ሰው ስትጠራ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሦስተኛው ቀን ረቡዕ። አባቴ ቤት ስንደርስ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ረቡዕን በቀይ ከበብኩለት። አባቴ አየኝና፣ "እንዲህ ከተማርሽ እኔስ መች እሞታለሁ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ፣ አባቴን እየጎተትኩ፣ ተሰልፈን ሁለት ሰዓት ቆየን። ሲስተሯ ካርዱን አየችና፣ "ገና ነው እኮ፤ ነገ ነው" አለች።

"እንዴ! ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ" ብዬ ጣቴን አሳየኋት።

"የኔ እህት፣ ሰኞ ዜሮ ነው" አለችና በጥፍሯ የመጀመሪያውን ሳጥን ግርጌ ነካችልኝ። እውነትም በደቃቁ ዜሮ ታትሟል። ቀጥሎ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ አራት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ጣልቃ ገባ። "ሰኞ ነው ዜሮ? እኔ ሰኞ ነው እኮ የተነከስኩት ልጄ። ያ ቀን ቀን አይደለም?"

"ነው አባባ፤ ግን ከእሱ በኋላ ያለውን ነው የምንቆጥረው።"

"ቆስዬ የዋልኩበትን ቀን ጥላችሁ!" አለና ራሱን ነቀነቀ። እየቀለደ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። "ነገ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ይምጡ። ሌሎች ሁለት ተነካሾች ስላሉ የቀረችኝን አንድ ብልቃጥ ነገ ነው የምከፍተው። ተከፍቶ አያድርም። ከእሱ በኋላ መድኃኒቱ መቼ እንደሚመጣ አልነግርሽም፤ እኔም አላውቅም።"

ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። በመንገድ ላይ ስነግረው፣ "ሰኞ ዕለት ረቡዕ አልሽ፣ ዛሬ ሐሙስ አልሽ፤ ነገ ደግሞ ዓርብ ትዪኛለሽ" አለኝ። በእኔ ላይ የነበረውን እምነት እንዳጎደልኩበት ገባኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ እስክወስደው ከቤት እንዳይወጣ አስምዬ ተለየሁት።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ዝግ። ጎረቤቱ ዘንድ ደወልኩ፤ ሴትዮዋ፣ "ፉርሽካ ላመጣ ነው ብሎ ጎፋ ሄዷል፤ ማታ ነው የምመለሰው ብሏል" አለችኝ። ለላሞቹ መኖ ሐሙስ ገዝቶ አያውቅም፤ ሆን ብሎ ነው የጠፋው። እየሮጥኩ አባ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ደነገጡ። "እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ" አሉ።

"አይ አባ፣ ያሳሳተኝ የራሴ መኩራት ነው። ልሂድ?"

"ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

ከመካኒሳ ጎፋ ሩቅ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን አስፋልቱ ተቆፍሮ፣ ታክሲው ሁሉ በአንድ መስመር ተጣብቆ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ስምንት ተኩል። ዘጠኝ። ስንት ሰዓት ቀረኝ? ስንተኛው ሱቅ ውስጥ ይሆናል? ሦስቱ ተነካሾች ከአንዷ ብልቃጥ ስንት ስንት ይደርሳቸዋል፣ እሱ ካልመጣ የሱን ድርሻ ይደፉት ይሆን? ስንቴ ነው ሰው በገዛ አባቱ የሚሳሳተው? አራቱ ጥያቄዎች ጭንቅላቴ ውስጥ እየተራገጡ አላስቀምጥ አሉኝ። በመጨረሻ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ።

አራተኛው መኖ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ፋጉሎ በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከባለ ሱቁ ጋር ስለ ላም ጡት እብጠት ያወራል። አየኝና ወሬውን አላቋረጠም።

"አባዬ! ተነስ!"

"ሦስተኛው ቀን ትናንት ነው ብለሽ የለ? እሱ አለፈ። አሁን ምን ልሁን?"

"ተሳስቼ ነው! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ሲስተሯም አላጠፋችም፤ እኔ ነኝ አላውቅ ያልኩት! ብትሞትብኝ ምን እሆናለሁ?" ብዬ ጮህኩና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለ ሱቁ ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ። አባቴ ሱሪውን አራግፎ ተነሣ።

ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ መንገዱን እያየ፣ "አክስቴን አስታውሳለሁ" አለ። "እኔ ትንሽ ነበርኩ። ውሻ ነከሳት፤ ዳነች ተባለ። ከርማ ከርማ አንድ ቀን ውሃ ሲሰጧት ጮኸች። ውሃውን ፈራችው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም።" ስለዚች ሴት አንድ ቀን እንኳ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። እጁን ያዝኩት፤ አላስለቀቀኝም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነበር። ሲስተሯ ጋዋኗን ልታወልቅ አንዱን እጅጌ አውጥታለች። "አባባ፣ ነፍሴን አወጧት እኮ!" አለችና ጋዋኗን መልሳ ለበሰች። ሁለቱ ጭረት ባለበት ሳጥን ውስጥ ፊርማዋን ስታኖር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

መድኃኒቱ ደርሶ ሦስተኛውና አራተኛው መርፌ በቀጠሮው ሄደ። ሁለቱም ሰኞ ዋሉ፤ አባቴም፣ "የዛሬ ስምንትና የዛሬ አሥራ አምስት፤ እኔ ብትጠይቂኝ ካርድ ሳላይ እነግርሽ ነበር" እያለ ጎረረብኝ። ልክ ነበር። ሲስተሯ ዜሮ ብላ የጀመረችው እሱ አንድ ብሎ ይጀምራል፤ አቆጣጠሩን እስካወቅክ ድረስ ሁለቱም ያው ሰኞ ላይ ያደርሱሃል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ፤ የሲስተሯን ቁጥር በአባቴ አቆጣጠር ቆጠርኩት።

መርፌው ቢያልቅም ፍርሃቴ አላለቀም። ከሥራ በቀጥታ ሀና ማርያም እሄዳለሁ፣ በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ እሰጠዋለሁ፣ እስኪጠጣ ቆሜ አያለሁ። ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ ካየሁ በኋላ ነው የምተነፍሰው። አንድ ቀን ብርጭቆውን መለሰልኝና፣ "ምነው እንደ ጥጃ በውሃ አጠመድሽኝ? አልጠማኝም" አለኝ። አልጠማኝም ማለቱ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ጠዋት ደውዬ፣ "ውሃ ጠጣህ?" አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በሰፈሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ውሻ የነከሰው ሰው አርባ ቀን ይቆጠርለታል፤ አርባውን ካለፈ ድኗል ይባላል። ሲስተሯን ጠይቄያት፣ "አርባ የሚባል ነገር የለም፤ ዋናው መርፌውን መጨረሳቸው ነው" ብላኛለች። አምኛታለሁ። ቢሆንም በስልኬ ላይ አርባውን ቆጥሬ ነበር፤ ሰኞን ዜሮ ብዬ፣ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም፣ እሱም አርባ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይህን ነገር ረስቶታል ብዬ ነበር።

ያን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የለም፤ ከበረቱ ድምፁን ሰማሁ። ገባሁ። አባቴ ላም ከኮርማ ከዋለች ቀን ጀምሮ፣ መያዝ አለመያዟን ለማወቅ፣ ሃያ አንድ ቀን የሚቆጥረው በበረቱ በር ጀርባ ላይ በከሰል እየጫረ ነው፤ አምስተኛውን ጭረት በአራቱ ላይ ያጋድመዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው በሩን አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። ያን ቀን ግን አየሁት። ከላሞቹ ጭረት ርቆ፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ለብቻው የተጫረ ረድፍ አለ። የመጀመሪያው ጭረት ዙሪያውን በክብ ተከቧል። ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ቆጠርኳቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።

እየሳቀ፣ እየቀለደ፣ መኖ ቤት እየተደበቀ፣ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቀን ሳይዘል ሲቆጥር ኖሯል። እኔ ዜሮ ያልኩት ሰኞ፣ አራት ሰዓት ሙሉ በአክስቱ ሞት ፊት ቆሞ ወተት ያደለበት ቀን ነበር።

"ይሄ ክብ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ያ ሲስተሯ ያለችው ነው። ዜሮው" አለ፣ ፊቱን ወደ ላሟ እንዳዞረ። "በኔ አርባው ትናንት አለቀ። በሷና ባንቺ ግን ዛሬ ነው። እንዳትሳሳቱብኝ ብዬ ያንንም ጠበቅኩት።"

"ፈርተህ ነበር አባዬ?"

"ታዲያስ! ምን ነክቶኝ አልፈራም?"

ከኪሱ ከሰል አወጣና ዘረጋልኝ። "ኢንታላ ኮ፣ አንቺ ጨርሺው" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ እንዲህ የሚጠራኝ አንጀቱ ሲላወስ ብቻ ነው። አርባኛውን በመጨረሻዎቹ አራት ላይ አጋደምኩት፤ ጠመመብኝ። አባቴ ጠጋ ብሎ አየው፣ አላቃናውም። ከዚያ የውሃውን ባልዲ ከላሟ ፊት ብድግ አደረገና ከጎኑ ባለው ጣሳ ቀድቶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣ።